በቤት ያሉ መምህር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ያላችሁ ምእመናን፥ አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁን በቤት ለማስተማር መቁረጣችሁን ሰምተናል። የካሊፎርኒያ ሕግ ይፈቅዳል፤ ወላጅ ቤቱን እንደ ግል ትምህርት ቤት ቆጥሮ በየዓመቱ ከኦክቶበር 1 እስከ 15 ያስመዘግባል። ዕቅዳችሁንም አየን። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ኅብረተሰብ በየክፍሉ ተደልድለዋል፤ አንዱም እንዲጓደል አንሻም። ፊደል ግን የለበትም። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ለእሑድ ብቻ የተውነው እኛ ነንና።

በአባቶቻችን ጉባኤ ተማሪ በዕድሜው አይመደብም፤ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት የሚሻገረው የያዘውን ጠንቅቆ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅ ከ6 ዓመት እኅቱ ጋር ከሀ ቢጀምር ነውር የለበትም። ፊደላችን 33 ተራ፣ በጠቅላላው 231 ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት 40 ናቸው፤ በቀን አንድ ተራ ቢጠና ሰባት ቀን ለክለሳ ይተርፋል።

መምህር ከወዴት ይምጣ ትሉን ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያወሳ በስም የጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው። በብዙዎቻችን ቤትም አያት አሉ። የልጅ ልጆቻቸው ቋንቋ አልገባ ብሏቸው፥ የእርሳቸውም ለልጆቹ አልገባ ብሎ፥ ቀኑን በመስኮት ሲያዩ ይውላሉ። ፊደል ያልቆጠሩ ቢሆኑ እንኳ ጸሎቱን በቃል ያስጠናሉ። በዕቅዱ ላይ በየቀኑ አንድ ሰዓት ጻፉላቸው። እንግሊዝኛ አለማወቃቸው ለዚህ ትምህርት ይረዳል እንጂ አይጎዳም፤ ልጁ ውኃ ሲጠማው በአማርኛ መለመን ግድ ይሆንበታልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።