የሥራ አጥ ድርሻ በመንግሥት በጀት

መንግሥት ወጪው ከገቢው በበለጠ ጊዜ ጉድለቱን የሚሸከመው ማን ነው? ጥያቄው የሒሳብ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ምሳሌ ከከተማችን ከሐዋሳ እንውሰድ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከየገጠሩ ሰብስቦ የስፌት ሥራ አስያዘ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ በታገደች ጊዜ ግን የውጭ ገበያው ጠበበ፤ ብዙዎችም ከሥራ ተሰናበቱ። እነዚህ ሴቶች ጦርነት አላወጁም፤ ገበያውንም አልዘጉም። እንጀራቸው የተቋረጠው ባላጠፉት ጥፋት ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተሰናባች ሠራተኛ ስለ መጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ደንግጓል። ሥራ እስኪገኝ ድረስ በየወሩ የሚከፍል መድን ግን በአገራችን ገና አልቆመም።

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው «ጎተራው ሳይሞላ አይደገስም፤ ብድር ለልጅ የሚተላለፍ ዕዳ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የተራበ ሰው በጀት እስኪሞላ አይጠብቅም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነት አልራቁም። መንግሥት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ እየተበደረ ሲሸፍን የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ይህም ደመወዝ የሌለውን አስቀድሞ ይጎዳል። ወጪ ሲቀነስም አስቀድሞ የሚነካው ያው ሰው ነው። እንግዲህ ሥራ አጡ በሁለቱም መንገድ ከፋይ ሆኖ ሳለ፣ ተቀባይ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ መናገር ትክክል አይደለም።

የሌላውም አገር ታሪክ ያስተምረናል። በነሐሴ 1923 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሠራተኛ ፓርቲ ሚኒስትሮች የሥራ አጡን አበል 10 በመቶ በመቀነስ ነገር ተከፋፍለው መንግሥታቸው ወደቀ። የተተካው መንግሥት የፓውንድን የወርቅ ዋጋ ለማዳን ሲል አበሉ እንዲቀነስ ወሰነ። ሆኖም በመስከረም 1924 ዓ.ም. ፓውንዱ ከወርቅ ተለየ፤ የተቀነሰው አበል ግን እስከ 1926 ዓ.ም. አልተመለሰም። ግድ ነው የተባለው መሥዋዕት የታሰበለትን ነገር አላዳነም።

እኛ እንደሚመስለን መፍትሔው ከሕዝባችን ልማድ የራቀ አይደለም። የዕድር አባል በደኅናው ቀን ያዋጣል፤ በሐዘኑ ቀን ሲቀበል ምጽዋት ተቀበለ አይባልም፤ ድርሻው ነውና። አሠሪውና ሠራተኛው መንግሥትም ጨምሮ ሥራ ባለበት ዘመን ቢያዋጡ፣ ለክፉ ቀን የሚከፈለው አበል ባዶ ካዝና ላይ የሚወድቅ ሸክም አይሆንም። የቀን ሠራተኛውና የጉልት ነጋዴዋ የደመወዝ መዝገብ ስለሌላቸው ይህ መዋጮ አይደርሳቸውም። ለእነርሱ በ2009 ዓ.ም. ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች እንደ ተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ ያለ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

በጀት አዘጋጅ የሆነ ሁሉ ወጪ ሊሠርዝም ሆነ ሊጨምር ብዕሩን ባነሣ ጊዜ፣ ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነም ይጠይቅ። ይህን ሳይጠይቅ የሚዘጋ መዝገብ፣ ድምሩ ቢስተካከል እንኳ ፍርዱ የጎደለ ነው።