የልጅነት ትዝታና የኅሊና ዕዳ

ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጩን ይመርጣል። እኛም በቡሬ ከተማ ዳር ያደግንበትን ሰፈር ስናስብ ቀድሞ የሚታወሰን የባሕር ዛፉ ሽታ፣ የበቆሎ እሸት ጥብስና የጨርቅ ኳሳችን ነው።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን የጦርነት ማግሥት ነበር። በግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ቡሬ የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የነቀምቴ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናትና፣ ወደየአገራቸው የሚጓዙ ወታደሮች በደጃችን ያልፉ ነበር። እናቶቻችን የገዛ ልጆቻቸው የት እንደ ወደቁ ሳያውቁ፣ ለማያውቋቸው ቁራሽ እንጀራና ውሃ ያቀርቡላቸው ነበር። እኛ ግን አንዱን ቁስለኛ ተከትለን አነካከሱን እያስመሰልን ሳቅንበት። አልተቆጣም፤ እንድናልፍ መንገዱን ለቀቀልን።

ለመሆኑ ልጅ በሠራው ይጠየቃልን? የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ማስተዋል እንዳለው ይገምታል። እኛ ያን ጊዜ ስምንት ዓመታችን ነበር። በእርግጥ ፌዙን የተማርነው ከታላላቆቻችን አፍ ነው፤ ይህም ጥፋቱን ያቀልለዋል እንጂ አይሽረውም። ቁራሹን ስታቀርብ ያየናት እናትም አስተማሪያችን ነበረችና።

ያን ሰው አግኝተን ይቅርታ ልንጠይቀው አንችልም። ዕዳው ግን ተከፋይ አላጣም፤ ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው ዛሬም በደጃችን ያልፋል። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ከአፋችን የሚወጣውን ቃል እንጠብቅ፤ ልጆቻችን ይሰሙናልና።