ወጊ በሬና ባለቤቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቤይሩትና በዙሪያዋ ያላችሁ የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ እሑድ ፈቃድ አግኝታችሁ ለምትመጡትም፣ በር ተዘግቶባችሁ በስልክ ብቻ ለምትከታተሉትም ይህን ቃል እንልካለን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ቀምሰን ስንበተን አንዲት እኅታችን ወደ ጎን ጠርታ አንድ ነገር ጠየቀችን። ነገሩ ኑዛዜ አይደለም፤ «አባ፣ የሌሎችም ጭንቀት ነውና ያስተምሩበት» ብላ ፈቅዳልናለች። ወንድሟ ከጎጃም ደውሎ «ክላሽ የምገዛበት ላኪልኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ታጥቋል፤ ባዶ እጄን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብሏታል። በእጇ የሁለት ዓመት ጥሪት አለ። «አባ፣ ብልክ በደም እጠየቃለሁ? ባልልክና ቢሞትብኝስ?» አለችን። ወዲያው ልንመልስላት አልደፈርንም፤ «ሳምንቱን ታገሽን» አልናት።

በዚያው ምሽት ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ስንደርስ ተኩስ ሰማን። የዚህ ሰፈር ነዋሪዎች ሁላችን እናውቀዋለን። የፈተና ውጤት ሲወጣ፣ መሪ በቴሌቪዥን ሲናገር፣ ሰው ሲዳር፣ ሰው ሲቀበር ወደ ሰማይ ይተኮሳል። በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ልጃችን ሳህኑን ጥላ ወደ ውስጥ ትሮጣለች። ወደ ላይ የወጣ ጥይት መውረዱ አይቀርምና። ሊባኖስ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ሰማይ መተኮስን የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች፤ ተኩሱ ግን አልቆመም።

ይህች አገር ስለ መሣሪያ የምትከራከረው ዛሬ አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የጣኢፍ ስምምነት ሚሊሻዎች ሁሉ መሣሪያቸውን ለመንግሥት እንዲያስረክቡ አዘዘ። ብዙዎቹ በ1991 አስረከቡ፤ ሒዝቦላህ ግን እስራኤልን እመክታለሁ ብሎ የራሱን ያዘ። በሜይ 2008 ያ መሣሪያ ወደ ቤይሩት ጎዳናዎች ሲዞር ይህም ሰፈራችን አልቀረለትም። ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የሊባኖስ ካቢኔ መሣሪያ ሁሉ በመንግሥት እጅ ብቻ የሚሆንበትን ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ሠራዊቱን አዘዘ። አንዱ ወገን «አንድ አገር ሁለት ጦር ሊኖራት አይገባም» ይላል። ሌላው «ካስረከብን በኋላ ማን ይጠብቀናል?» ይላል።

ልብ እንበል፤ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የእኅታችን ወንድም ጥያቄ ነው።

በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ያለ ፈቃድ መያዝን ከለከለ፤ በልማድ ይዞ የኖረው እያስመዘገበ ፈቃድ የሚያወጣበትን መንገድም አበጀ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው ወደ ሌላ የጸጥታ ኃይል እንዲገቡ መንግሥት ሲወስን በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሣ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሠራዊቱና በፋኖ መካከል ውጊያው ሲከር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ገበሬው በመካከል ቆሞ «ስሜን ባስጽፍ ዝርዝሩ ነገ መቀሚያ ይሆንብኛል፤ ባላስጽፍ ወንጀለኛ እባላለሁ» ይላል።

እንግዲህ የእግዚአብሔርን ሕግ እንጠይቅ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ከቁጥር 28 ጀምሮ ስለ ወጊ በሬ ይናገራል። በሬ ድንገት ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው መውጋት የለመደ ቢሆን፣ ባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር፣ ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው።

ሕጉ በሬን አልከለከለም። በሬ ያርሳልና። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱበትን ጠመንጃ አንሰድብም። በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሠሩትም በአንድ እጃቸው እየሠሩ በሌላው መሣሪያ ይዘው ነበር። የሚፈራ ሰው ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም።

ሆኖም ሕጉ «ይህ በሬ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የመዝገብ ትርጉሙም ይኸው ነው፤ ደም ሲፈስ የሚጠየቅ ሰው እንዲገኝ። ከአቤል ሞት በኋላ እግዚአብሔር ቃየልን የጠየቀው ስለ ወንድሙ ነበር፤ እርሱ ግን ጠባቂው አይደለሁም ብሎ ሸሸ። እናንተ የመዝገብን ሁለት ፊት ታውቃላችሁ። ኢቃማ ያላት በኬላ ላይ አትሸበርም፤ በከፋላ ግን ያው ወረቀት ከአንዲት ማዳም ቤት ጋር ያስራታል። ስለዚህ መዝገብን የሚፈራውን ገበሬ አንሳቅበት፤ መዝገብ የሌለው ጥይት ምን እንደሚያደርግም አንርሳ።

ደግሞም መንግሥት የብዙ ወጊ በሬዎች ባለቤት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 13 ሰይፍ የያዘውን ባለ ሥልጣን የእግዚአብሔር አገልጋይ ይለዋል። አገልጋይ ደግሞ ለጌታው ሒሳብ ያቀርባል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ፍልስጥኤማውያን እስራኤል ሰይፍ እንዳይሠሩ ብለው ባለ እጅ አሳጧቸው፤ ያ ሰላም ለማምጣት ሳይሆን ለመግዛት ነበር። «አስረክብ» የሚል መንግሥት ያስረከበውን ሰው ሌሊት የመጠበቅ ዕዳ ገብቷል። ዕዳውን ካልከፈለ ስለዚያም ደም ይጠየቃል።

በዚሁ ሕግ ቁጥር 32 ላይ በሬው የቤት አገልጋይን ወይም ገረድን ቢወጋ 30 ሰቅል ብር ይከፈላል ይላል። ልጆቻችን፣ ሕጉ የእናንተን ደም አልዘለለም። ጌታችንም በይሁዳ እጅ የተሸጠው በዚሁ በ30 ብር ነው፤ ከአገልጋዮች ጋር መቆጠርን አላፈረበትም።

አሁን ለእኅታችን እንመልስ። ልጄ፣ ለክላሽ አትላኪ። ወንድምሽ ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን ቤይሩት ሆነሽ የገዛሽውን በሬ ማሰር አትችዪም። በሰርግ ማታ ጠጥቶ ሲያነሣው፣ በወሰን ጠብ ከጎረቤቱ ጋር ሲፋጠጥ፣ ወይም ከእጁ ተነጥቆ በማታውቂው ሰው ትከሻ ላይ ሲውል አታዪም። መውጋቱ ተነግሮሽ ልትጠብቂው የማትችዪው በሬ ይሆንብሻል። በዚያ ገንዘብ እናትሽንና ልጆቹን ከተማ ወዳለ ዘመድ አውጪበት፤ ኪራይ ክፈዪበት፤ እህል ግዢበት። ወንድምሽንም የንስሐ አባቱ እንዲያናግሩት አድርጊ፤ ራስሽም ሳትቆጪው ደውዪለት።

«ቢሞትብኝስ?» ላልሽው ዋስ ልንሆንሽ አንችልም። መሣሪያ ይዘውም ሳይዙም የሞቱ ወንድሞች ለቅሶ በዚሁ በቤይሩት ተቀምጠናል። የምንሰጥሽ ተስፋ ይህ ነው፤ የሚሆነው ሁሉ ቢሆን ብቻሽን አናስለቅስሽም።

አስቀድማችሁ የላካችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ወደ ንስሐ አባታችሁ ቅረቡ። ደውላችሁም «ጥይቱን ለይተህ ከልጆች አርቅ፤ ጠጥተህ አትንካው፤ ደም ለመመለስ አታንሣው» በሉ። ከታጠቀ ሰው ፎቶ ሥር «ጀግና» ብለን የምንጽፍም እንመለስ፤ እሳቱን ከሩቅ ሆኖ ማራገብ ነውና። እኛም ጥፋት አለብን። በቆሎ ተማሪነታችን፣ ባለ ጠመንጃው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ጠመንጃውን በቅጥሩ ውጭ አስቀምጦ ሲገባ እናይ ነበር። ዓይናችን ግን ከሰውየው ስግደት ይልቅ ውጭ ወደ ቀረው ጠመንጃ ይሄድ ነበር።

ቅዱስ ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ሲቆርጥ ጌታችን ሰይፉን ወደ ሰገባው አስመለሰው፤ ጆሮውንም ፈወሰ። እርሱ መፈወስ ይችላል፤ እኛ ግን የወጋነውን መልሰን አንፈውስም። ስለዚህ ከመውጋታችን በፊት እንሰር።

አምላከ ሰላም አገራችንን ኢትዮጵያንና የተቀበለችንን ሊባኖስን ይጠብቅልን። መሣሪያ ለያዘው ማስተዋልን፣ ለገዢው ፍትሕን፣ ባዶ እጁን ላለው ጥበቃን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።