ሐላል መሆኑ ብቻ ይበቃልን?



ከጉና ተራራ ግርጌ፣ በደብረ ታቦር ገበያ ነው። አንዲት እናት ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት አሥራ ሁለት እንቁላል ይዛ ተቀምጣለች። ከጎኗ የቆመው ልጅ የሦስት ዓመት ይመስላል፤ ዕድሜውን ስጠይቃት ግን አምስት ሞልቶታል አለች። እንቁላሉን በሙሉ ሸጠች። በገንዘቡ ጨው፣ ዘይትና ለልጁ አንድ እሽግ ብስኩት ገዛች። «እህቴ፣ ከእንቁላሉ ለልጁ አንድ እንኳ አይቀርለትም?» አልኳት። «ወንድሜ፣ እንቁላል የሚበላው የተረፈው ሰው ነው» አለችኝ።

በዚያው ዕለት ማታ እዚያው ከተማ አንድ ወንድም ቤት እራት ተጋብዤ ነበር። ወጉ ሁሉ ስለ ሥጋ ሆነ። በቅርቡ የተከፈተ የአንድ ሉካንዳ ቤት ሥጋ በማን እጅ እንደታረደ፣ ቢስሚላህ መባል አለመባሉ አንድ ሰዓት ያህል አከራከረን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሙስሊም ሊጠይቀው ግድ ነው። ዳሩ ግን ክርክሩ በጋለበት ሰዓት የቤቱ ሕጻናት ጥግ ይዘው እንጀራ በድልህ እየበሉ በላዩ ሻይ ይጠጡበት ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ሰፊ ጓሮም አረም ውጦታል። ስለ ልጆቹ ማዕድ አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የምንበላውና የምናበላው ሐላል መሆኑ ብቻ ይበቃልን?

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ሰዎች ምድር ካፈራችው እንዲበሉ ሲያዝ ምግቡን በሁለት ቃል ነው የገለጸው፤ ሐላልና ጠይብ ብሎ። ጠይብ ማለት ንጹሕ፣ መልካም፣ አካልን የማይጎዳ ማለት ነው። እኛ የመጀመሪያውን ቃል አጥብቀን ይዘን ሁለተኛውን ረሳነው። የአራጁን እጅ እንመረምራለን፤ የልጃችንን ሳህን ግን አንመረምርም። ሆድ መሙላትን ከመመገብ ጋር አንድ አድርገን ቆጠርነው።

ውጤቱ በቁጥር ተቀምጧል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ሕጻናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 41 ዝቅ ቢልም ከአገሪቱ አማካይ፣ ከ37 በላይ ነበር። በ2008ቱ ጥናት በመላ አገሪቱ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉ ሕጻናት በዓይነትም በመጠንም የሚገባቸውን ያገኙት ከመቶ 7ቱ ብቻ ናቸው። መቀንጨር ደግሞ የቁመት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልጁን አእምሮና ትምህርት ይነካል። ከጽንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የጎደለውን በኋላ መመለስ እጅግ ይከብዳል።

ይህ የሚሆነው በምን ዓይነት አገር ነው? ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። በደጋው ገብስ፣ ባቄላና ድንች ይበቅላል። ዝቅ ብሎ በፎገራ ሜዳ ሩዙና ሽንኩርቱ አለ፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም አለች፤ ከሐይቁም ዓሣ ይወጣል። ታዲያ ምድሩ ይህን ሁሉ እያበቀለ የልጁ ሳህን ለምን ባዶ ሆነ? መልካሙ ሁሉ ወደ ገበያ ወጥቶ ወደ ቤት የሚመለሰው ብስኩት ስለሆነ አይደለምን?

«ድሃን መውቀስ ይቀላል» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ያችን እናት አልወቅስም። አላህ (ሱ.ወ.) ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም። ለጨው መግዣ ሌላ ነገር የሌላት ሴት እንቁላሏን ብትሸጥ ወንጀሉ የእርሷ አይደለም። ወቀሳው አቅም እያለን ለተኛነው ለእኛ ለከተሜዎቹ ነው። ለእንግዳ ለስላሳ በሣጥን እናወርዳለን፤ ጎመን ማቅረብ ግን ያሳፍረናል። «ጎመን በጤና» የሚለውን የአበው ቃል ያጣ ሰው መጽናኛ አደረግነው እንጂ ጤናው ከጎመኑም እንደሚገኝ ልብ አላልንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው የሚያስተዳድራቸውን ቀለብ መንፈጉ ለወንጀል በቂ መሆኑን አስተምረዋል። ገንዘብ እያለው የልጁን ማዕድ በቸልታ ያጎደለ አባት ከዚህ ተግሣጽ ያመልጣልን?

ታሪካችንም ይወቅሰናል። በቀድሞዎቹ ነገሥታት ዘመን የሰሜኑ ደጋ ሙስሊም በአብዛኛው ርስት ተነፍጎ በሽመናና በንግድ ይተዳደር ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጣው ሕዝበ ሙስሊም ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ የርስት አጥር ፈረሰ። አያቶቻችን የናፈቁትን ቁራሽ መሬት ዛሬ ብዙዎቻችን በጓሯችን ይዘን አረም እናበቅልበታለን። ይህ የአማና ጉዳይ አይደለምን?

«የመንግሥት ሥራ ነው» የሚልም አይጠፋም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የሌማት ትሩፋትን ጀምሯል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ዛሬ የተወለደ ሕጻን ዕቅዱ እስኪፈጸም ማደጉን አቁሞ አይጠብቅም። በግጭት መንገድ ሲዘጋ ገበያውም አብሮ እንደሚዘጋ የክልሉ ሕዝብ ባለፉት ዓመታት አይቷል። ከማጀት እስከ ጓሮ ያለውን መንገድ ግን ለመዝጋት ይከብዳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከመስጊዶቻችን እንጀምር። በየመስጊዱ በቀን አምስት ጊዜ የውዱእ ውሃ በቦይ ወርዶ ይባክናል። ያንን ውሃ ወደ ጥቂት መደብ ብንመራው በመድረሳ የሚቀሩት ልጆች የሚተክሉት፣ የሚኮተኩቱትና የሚበሉት ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ይሆናል። የጀማዓው እናቶች ተሰባስበው የሕጻናትን ገንፎ ከገብስና ከባቄላ ዱቄት አዋሕደው፣ እንቁላልና ጎመን ጨምረው ማዘጋጀትን ቢማማሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሻይን ከምግብ አርቆ መጠጣት ደግሞ ምንም ሳንቲም አያስወጣም፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንሳልና። ከጓሯችን የተረፈውም ጎረቤቱ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ሳንለይ የጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ተርቦ ጠግቦ የሚያድር ሰው ኢማኑ እንደሚጎድል ተምረናልና።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቂያማ ሲቆም እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል አዘዋል። ሙስሊም ተክሎ ሰው ወይም ወፍ ከበላለትም ሰደቃ እንደሚሆንለት አብስረዋል። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሉካንዳው ስንከራከር፣ ጥግ የተቀመጡትን ልጆች ዞር ብለን እንያቸው። ሥጋውን «ሐላል ነውን?» ብለን እንደጠየቅን ሁሉ የእነርሱንም ሳህን «ጠይብ ነውን?» ብለን እንጠይቅ። እኔ በዚያች ምሽት ሳልጠይቅ ወጥቻለሁ፤ አላህ ይማረኝ።

ወቢላሂ ተውፊቅ!