ለዓለት የተሰጠ አደራ

ለመሆኑ ገና ያልተወለደ ሰው መብት አለውን? ውድ አንባብያን፣ ይህ የፈላስፎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። የኑክሌር ቆሻሻ የሚቀብሩ ባለሙያዎችም በቁጥር ሊመልሱት ይገደዳሉ።

ፊንላንድ በኦልኪሉኦቶ ደሴት ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ዓለት ውስጥ ላገለገለ የኑክሌር ነዳጅ መቅበሪያ ዋሻ ፈልፍላለች። ነዳጁ በመዳብ ዕቃ ታሽጎ ዙሪያውን በሸክላ አፈር እንዲታጠር ታቅዷል። በነዳጁ ውስጥ ያለው ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ እስኪከስም እንኳ 24,000 ዓመት ያህል ይፈጃል። መዳቡ ቢበሳ፣ ሸክላው ቢሸረሸር፣ የመጨረሻው ዘበኛ ዓለቱ ነው። ታዲያ መርዙ በውሃ ሲጓዝ ዓለቱ ምን ያህሉን ይዞ ያስቀርልናል?

ይህን ለመገመት ባለሙያዎች ዓለቱን ፈጭተው መርዙ ካለበት ውሃ ጋር በብልቃጥ ይበጠብጡና፣ ምን ያህሉ በድንጋዩ ላይ እንደተጣበቀ፣ ምን ያህሉ በውሃው ውስጥ እንደቀረ ይለካሉ። አዮዲን 129ን የመሰለው እምብዛም አይጣበቅም። ደግሞም የተፈጨ ድንጋይ ካልተፈጨው የበለጠ መጣበቂያ ገጽ ስላለው፣ ብልቃጡ ከተራራው ይልቅ ደግ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 በኔቫዳ ከመሬት በታች ካፈነዳችው ቦምብ የወጣ ፕሉቶኒየም 1.3 ኪሎ ሜትር ርቆ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ መገኘቱ በ1999 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ፕሉቶኒየም ከድንጋይ ጋር ይጣበቃል መባሉ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የተጣበቀበት ከውሃው ጋር የሚጓዝ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ነበር። ዘበኛው ራሱ ሌባውን አዝሎ ሄደ ማለት ነው።

እንግዲያው አይቀበር እንበል? ቆሻሻው አንዴ ተፈጥሯል፤ ከምድር በላይ ትቶ ጥበቃውን ለልጅ ልጅ ማውረስም ራሱ ውሳኔ ነው። በእኔ እምነት መገመት ነውር አይደለም። ነውሩ ከብዙ ግምቶች መካከል ለራስ የሚመቸውን መርጦ እርግጠኛ መስሎ መቅረብ ነው። የየቲም ገንዘብ በአደራ የያዘ ሰው ሲጠራጠር ለልጁ ያደላል እንጂ ለኪሱ አያደላም። ባለሙያውም ሲያመነታ ዓለቱ ጥቂት ይይዛል የሚለውን ቁጥር ይውሰድ፤ ያልለካውንም አልለካሁም ብሎ ይጻፍ። በዚህ ምክንያት ወጪው ቢበዛ፣ ሥራው ቢዘገይ፣ ዕዳውን መክፈል ያለበት መብራቱ የበራለት ትውልድ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ከዚያ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዳው ሰው ዛሬ አቤት የሚልበት ችሎት የለውም።