የድምፅ ማጉያው ጥፋት

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ እህል ነጋዴ ነበር። እንቅልፍ ከራቀው ሰንብቷል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ዓይኑ ይፈጣል፤ ከዚያ ወዲያ መገላበጥ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ሄዶ ክኒን ተሰጠው፤ አፉን አመረረው እንጂ አላስተኛውም። በመጨረሻ ጥፋተኛውን አገኘሁ አለ፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ።

የሱብሂ አዛን ከሌሎቹ አራቱ የሚለይበት ነገር አለው፤ ሶላት ከእንቅልፍ እንደሚበልጥ ይናገራል። አዛኑ እዚያች ላይ ሲደርስ ነጋዴው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አይተኛ፣ ተነስቶም አይሰግድ።

አንድ ቀን ከዙሁር በኋላ ሙአዚኑን መስጊዱ በረንዳ ላይ አገኛቸው።

«አባባ፣ ይሄ ማይክ እንቅልፍ ነሳኝ።»

«አዛን የምለው ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ አንድ አካባቢ።»

«አንተስ ስንት ሰዓት ትነቃለህ?»

«ስድስት።»

«ታዲያ ልጄ፣ እኔ ራሴ ሳልነሳ ነው እንዴ የምቀሰቅስህ?»

ያም ሆኖ ሽማግሌው ክርክር አይወዱምና ማጉያውን ወደ ጦሳ ተራራ አዞሩለት። እኔ ብሆን አላዞርም ነበር።

ነጋዴው የዚያን ዕለትም ስድስት ሰዓት ላይ ነቃ። ለካ ሌሊቱ ማለቁን የሚያውቀው በአዛኑ ኖሯል፤ አሁን ጨለማው ዳርቻ አጣ። የሚታየውም ያው የሚሸሸው ነገር ነው፤ የመጋዘኑ ደረጃ፣ ኩንታል እንደተሸከመ የተንሸራተተው ወዛደር፣ የተቀደደው ጆንያ፣ ከደረጃ ደረጃ እየተንሿሿ የሚወርደው ነጭ ጤፍ። ሰውየው እግሩን ይዞ ሲያቃስት ነጋዴው መጀመሪያ የጮኸው «መጥረጊያ አምጡ!» ብሎ ነበር። ጤፉ ተጠረገ፣ ተነፋ፣ ተሸጠ። በሰው ፊት «ወላሂ አሳክመዋለሁ» ያለበት ብር ግን ከመሳቢያው አልወጣም።

ጥቂት ቀን ታግሶ ተመልሶ መጣ። «አባባ፣ ማጉያውን ወደ ቦታው ይመልሱልኝ።»

ሙአዚኑ አልሳቁበትም፤ የቢላልን ነገር አነሱለት። የመጀመሪያው ሙአዚን ሐበሻ መሆኑን ወሎ ውስጥ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ቢላል መዲና ላይ ገና ሳይነጋ አዛን ይል እንደነበር ግን ነጋዴው አልሰማም፤ ሌሊቱን ቆሞ ሲሰግድ የቆየው አረፍ እንዲል፣ የተኛው እንዲነቃ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ይቀጥላል፤ እሱ ዓይነ ስውር ነበር።

«ዓይነ ስውር መንጋቱን በምን ያውቃል?»

«ሰዎች ‹ነጋ፣ ነጋ› ሲሉት ነዋ። ‹ለኔ ጨለማ ነው› ብሎ አልተሟገተም፤ አመናቸውና ተጣራ።»

«እኔን የሚነግረኝ የለ!»

«የወዛደሩ ሚስት ሱቅህ ስንቴ መጣች?»

ነጋዴው ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

ማታ ወደ ወዛደሩ ቤት ወረደ። ሰውየው መደብ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ክራንቹ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ነጋዴው ብሩን በሁለት እጁ አቀበለው። ወዛደሩ ምራቁን ጣቱ ላይ እያስነካ አንድ በአንድ ቆጠረ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሐኪሙ ነው። ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩበትስ?»

«እሱን ነገ ጧት ይዤ እመጣለሁ፤ ወላሂ…»

«ወላሂዋ እንኳ ትቆይ» አለች ሚስቲቱ፣ በሩ ላይ እንደቆመች፤ «ሱቁ ቅርብ ነው፤ አብረን ደርሰን እንምጣ።»