ድር ከማበሩ በፊት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም። ከፊደል ገበታ ቀድሞ ወደ ጆሯችን የሚገባ ነው። እድር ሲዋጣ ይባላል፣ የሰርግ ድንኳን ሲተከል ይባላል፣ የሕዳሴው ግድብ ቦንድ ሲገዛም ተብሏል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ እውነት ነው፤ አልከራከረውም። ሰሞኑን ግን ቦታው ባልሆነ ስፍራ ሲጠቀስ ሰማሁትና ከዚያ ወዲህ ከተረቱ ጋር ሙግት ገጥሜያለሁ።

ስፍራው የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። አጀንዳው ባለጉዳዮች ከማለዳ ጀምሮ የሚሰለፉበትን ወረፋ እንዴት እናሳጥር የሚል ነው። ኃላፊው የሠራተኛውን ሃሳብ ከልባቸው የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ ባይሆኑማ ሃያ ሰው ከሥራው አንሥተው አይሰበስቡም ነበር። ተረቱን ጠቅሰው ስብሰባውን ከፈቱና «ለመነሻ ያህል» ብለው የራሳቸውን ሃሳብ አስቀመጡ፦ ኮምፒውተር ይጨመር፣ አንድ ተጨማሪ መስኮት ይከፈት። ከዚያ «መድረኩ ክፍት ነው፣ በነፃነት ተናገሩ» አሉ።

ቤቱም ተናገረ። አንዱ «ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ የተባለውን ለማጠናከር ያህል» ብሎ ጀመረ። ቀጥላ የተነሣችው «እኔ ልል ያሰብኩትን ወንድሜ ተናግሮታል» አለችና እሱ የተናገረውን መልሳ ተናገረችው። ሌላው ኮምፒውተሩ ምን ዓይነት ቢሆን እንደሚሻል አብራራ። ለሻይ ስንወጣ ብዙ ገጽ ሞልቼ ነበር፤ በገጾቹ ላይ የነበረው ሃሳብ ግን አንድ ነው።

ሻይ ላይ መዝገብ ቤት የምትሠራ ባልደረባዬ ጠጋ ብላ «ሰዉ እኮ የሚጉላላው መስኮት አንሶት አይደለም» አለችኝ። «ስንት ሰዓት ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የመታወቂያ ኮፒ ይጎድልሃል ይባላል። ወጥቶ ኮፒ አስደርጎ ይመለስና እንደገና ከኋላ ይሰለፋል። ምን ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ገና በሩ ላይ ቢነገረው የሰልፉ ግማሽ አይኖርም።» ታዲያ ውስጥ ሆነን ለምን አልተናገርሽም ብዬ ጠየቅኋት። «እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ምን ይባላል? ደግሞ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሌላውን ስሰማ፣ የእኔ ነገር ትንሽ እየሆነብኝ መጣ» አለች።

ከተረቱ ጋር ያጋጨኝ ይህ መልስ ነው። ሃያ ድር ተሰብስበን ልንደርስበት ያልቻልነው ነገር በአንዷ ድር እጅ ነበር፤ እንዳንደርስበት ያገደን ደግሞ መሰብሰባችን ራሱ ነው።

ነገሩን ሳሰላስል ተረቱ የተወለደው ክንድ ከሚተባበርበት ኑሮ ይመስለኛል። ደቦ የወጣ ሃያ ሰው ሃያ ማጭድ አለው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል። በስብሰባ ግን ሃያ አፍ በአንድ ጊዜ ሊናገር አይችልም። ሁለት ሰዓት ለሃያ ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው ስድስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ላይ ሰብሳቢው አርባ ደቂቃ ከወሰዱ አራት ደቂቃ ይቀራል። በቀረው ጊዜ ሁሉ ሰው የራሱን ሃሳብ እንዳይረሳ በልቡ ይዞ የሌላውን ያዳምጣል። ሁለቱንም አጥርቶ መያዝ ከባድ ነው። ወይ ያዳምጥና የራሱ ይጠፋበታል፣ ወይ የራሱን ይይዝና ሳያዳምጥ ይቀራል።

የክንዱም ነገር ቢሆን የተለካ ነው። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን መዝኖ ውጤቱን በ1913 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ አንዱ ሰው የሚያወጣው ጉልበት ብቻውን ከሚያወጣው ግማሽ ገደማ ነበር። ተረቱ ግን በዚህ አይሸነፍም፤ ስምንት ግማሽ ጉልበት አራት ሙሉ ጉልበት ነው፣ አንበሳውን ለማሰርም ይበቃ ይሆናል። ሃሳብ ግን እንደ ጉልበት አይደመርም። ስምንት ሰው አንድን ሃሳብ ቢደግመው ያለው ያው አንድ ሃሳብ ነው።

በቡድን ሃሳብ ማፍለቅን እንደ አንድ የአሠራር ዘዴ ያስፋፋው አሌክስ ኦስበርን ነው፤ ቢቢዲኦ ከተባለው የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት መሥራቾች አንዱ። በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትችት ለጊዜው ይቆይ፣ ሃሳብ ይብዛ፣ እንግዳ ሃሳብ አይናቅ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይጨምር አለ። ደንቦቹን እወዳቸዋለሁ፤ ለእኛ ስብሰባዎች የመጀመሪያው ብቻ እንኳ ብርቅ ነው። ኦስበርን ግን ሰው በቡድን ሆኖ ሲያስብ ብቻውን ከሚያፈልቀው እጥፍ ያፈልቃል ብሎም ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ሲፈትሹት የተገላቢጦሽ ሆነ። አራት ሰዎች ለየብቻ አስበው ሃሳባቸው ሲሰበሰብ፣ የተደጋገመው አንዴ ብቻ ተቆጥሮ እንኳ፣ አብረው ተቀምጠው ካሰቡት አራት ሰዎች ሁለት እጥፍ ያህል በለጠ። ስለዚህ ስብሰባውን አንድ ለአምስት መከፋፈልም መድኃኒት አይሆንም፤ ጉዳቱ በአራት ሰው ላይ እንኳ ታይቷልና።

በጀርመን ዲል እና ስትሮቤ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን ለይተው ለማውጣት ሞከሩ። ትችትን መፍራት ነው? በሌላው ላይ ተማምኖ መስነፍ ነው? ትልቁ ምክንያት ሆኖ የተገኘው ሌላ ነው፤ ተራ መጠበቅ። በእኛ አገር የሰውን ዝምታ ሁሉ በፍርሃት መተርጎም ይቀናናል። ባልደረባዬ ግን ሁለት ነገር ነበር የነገረችኝ፤ ሁለተኛውን ጥቂት ሰው ብቻ ያስተውለዋል።

የመጀመሪያው፣ ማለትም የአለቃ ቃል የሌላውን አፍ መዝጋቱ፣ ለእኛ አዲስ ችግር አይደለም፤ መፍትሔውም እንግዳ አልነበረም። በ1770ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የንጉሡ ሸንጎ እንዴት ድምፅ ይሰጥ እንደነበር ጽፏል። የሚጀምረው ከዝቅተኛው ሹም ነው። እየተባለ እየተባለ ወደ ላይ ይወጣና የንጉሡ ቃል በቃል አቀባያቸው በቃለ ዓፄው አፍ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ንጉሡ የፈለጉትን ከመፍረድ የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ቢሆንም ትንሹ ሹም የእሳቸውን ቃል ሳይሰማ የራሱን ይናገር ነበር። ይህን የመሰለ ሥርዓት የነበረን ሰዎች ዛሬ ኃላፊው «ለመነሻ ያህል» ብሎ የጀመረውን ስናጠናክር መዋላችን ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ከተረቱ ጋር ያለኝ ጠብ እዚህ ላይ ነው። ድር ይበር ይላል፤ ድሩ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ በአንድ ግቢ ተቀምጠው ቢያወጉም እንዝርቱ የየራሳቸው ነበር። አንድ እንዝርት ለአምስት ሰው ተይዞ የተፈተለ ጥጥ አላየሁም። ሸማኔው ዘንድ የሚሄደው ተፈትሎ ያለቀው ነው፤ ማበር የሚመጣው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ሁሉም በዝምታ እንዲጽፍ፣ ወረቀቱ ያለ ስም ተሰብስቦ እንዲነበብ፣ ኃላፊውም መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ ሃሳብ አቀረብኩ። በርንት ሮርባህ የተባለ ጀርመናዊ በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው ተመሳሳይ ዘዴ አለ፦ ስድስት ሰው በየአምስት ደቂቃው ሦስት ሦስት ሃሳብ እየጻፈ ወረቀቱን ለጎኑ ያሳልፋል፤ በግማሽ ሰዓት 108 ሃሳብ ይሆናል። የእኛው ከዚህ የቀለለ ነበር። ኃላፊው ሳያቅማሙ ተቀበሉት፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ሲጽፉ የነበረው ዝምታ ለብዙዎች ከብዷቸዋል። በዕድሜ የገፉ አንድ ባልደረባችን «ሰው አፍ እያለው እንዴት በወረቀት ይነጋገራል?» ብለው ተቆጡ፤ ቁጣቸውም እውነት ነበረበት። ከተነበቡት ወረቀቶች ብዙዎቹ የማይሆኑ ነበሩ። የበሩ ሃሳብ ግን በመካከላቸው ወጣ። ያኔ ጋሼ የተቆጡለት ንግግር ጀመረ። አንዱ ዝርዝሩ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ አለ። ሌላዋ ማንበብ የማይችለውስ አለች። ለጥበቃው ይነገረውና እሱ ያስረዳ ሲባል፣ ጥበቃው እዚህ የለም፣ ይጠራ ተባለ። ተጠርቶ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን እንደሆነ ነገረን፤ ማናችንም የማናውቀውን። እዚህ ላይ ተረቱ ልክ ነበር። ይህን አንድም ሰው ብቻውን ሆኖ አያወጣውም ነበር።

አንድ ቅሬታ ግን ቀርቶኛል። ሃሳቡ በቃለ ጉባኤው ላይ «ከቤቱ የተነሣ» ተብሎ ተመዘገበ። በሚጻፍበት ጊዜ ስም አለመኖሩ ጠቅሟል፤ ከጸደቀ በኋላ ግን የባልደረባዬ ስም የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም። መዝገብ ቤት ተቀምጣ የሰዉን መጉላላት በየቀኑ ያየች እሷ ናት። የሃሳቡ ባለቤት ከፈቀደች በስሟ ይመዝገብ ብዬ ጠየቅሁ፤ «የጋራ ውጤት ነው፣ የግለሰብ ስም መጻፍ ልማዳችን አይደለም» ተባልኩ። አልተስማማሁም። የሚቀጥለው ቃለ ጉባኤ ሲጸድቅ ጥያቄውን በድጋሚ አቀርባለሁ።